የተገጣጠመ ዕቃ ሳይፈታ ሲለካ፦ የኢንዱስትሪ ሲቲ አገልግሎት ግምገማ

ይህ ግምገማ በደቡብ ጀርመን ለሚገኝ አንድ የልኬት ቤተ ሙከራ ሥራ ስንሰጥና ውጤቱን ስንረከብ ያየሁትን የሚመለከት ነው። አገልግሎቱ የኢንዱስትሪ ሲቲ ስካን ሲሆን፣ ዕቃውን ከሁሉም አቅጣጫ በራጅ አንስቶ የውስጥ ቅርጹን በኮምፒውተር ከገነባ በኋላ በዚያ ምስል ላይ ርቀት፣ ውፍረት፣ ዲያሜትርና ክፍተት ይለካል። እኔ የምሠራው ለመድኃኒት መወጊያ መሣሪያዎች የፕላስቲክ ክፍሎችን በሚያመርት ድርጅት የጥራት ክፍል ውስጥ ነው። ለልኬት የላክነውም ተገጣጥሞ ያለቀ፣ ሞላው ተወጥሮ ለመተኮስ የተዘጋጀ ኦቶኢንጀክተር፣ ማለትም ታማሚው ራሱ ቆዳው ላይ ተጭኖ የሚወጋበት ብዕር መሰል መሣሪያ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ተዘግቶ የተቀመጠን ዕቃ ውስጣዊ ሁኔታ በቁጥር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ አገልግሎት አላውቅም፤ ሆኖም ከቁጥሩ ጎን የልኬቱ የጥርጥር ወሰን፣ ማለትም ቁጥሩ ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ ካልተጻፈ በስተቀር፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በዚያ ቁጥር ዕቃ አልቀበልም፣ ዕቃም አልመልስም።

በኦቶኢንጀክተሩ ውስጥ የብረት ሞላ አለ፤ ሞላውን ወጥሮ የያዘው ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ክሊፕ ነው። ታማሚው መሣሪያውን ሲጫን ክሊፑ ይለቅቃል፣ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ መድኃኒቱም በመርፌው በኩል ይወጣል። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ የክሊፑ ጥርስ የመያዣውን ጠርዝ ምን ያህል ነክሶ ይዟል የሚለው ነው። ብዙ ከነከሰ፣ እጁ የደከመ ሰው መሣሪያውን ለማስነሳት ይቸገራል፤ ጥቂት ከነከሰ ደግሞ ሳጥኑ ሲወድቅ ብቻውን ሊተኮስ ይችላል። ክፍሎቹን ለየብቻቸው በመዳሰሻ መለኪያ ማሽን ስንለካቸው ሁሉም በቶሌራንሳቸው፣ ማለትም በሚፈቀድላቸው የልኬት ልዩነት፣ ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ሞላው ሲወጠር ክሊፑ ይጎብጣል፣ ዙሪያውን የያዘው እጅጌም በጥቂቱ ይከፈታል፤ ይህ ሁኔታ የሚኖረው መሣሪያው ተዘግቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ለማየት ብለው በመጋዝ ሲቆርጡት ሞላው ይለቅቃል፣ ክሊፑም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ የሚለካው ነገር በመለካቱ ምክንያት ይጠፋል ማለት ነው። ሙጫ ሞልቶ አድርቆ መሞረድ የተባለው የቆየ ዘዴ በከፊል ይረዳል፤ ሆኖም ሙጫው ሲደርቅ ራሱ ክፍሎቹን ይገፋል፣ ናሙናው ይበላሻል፣ የሚታየውም አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ሲቲ ግን ያንኑ መሣሪያ ሳይነካው ለክቶ ይመልስልናል። ይህ ለእኛ ከሁሉ በላይ የጠቀመን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ፕላስቲክ በማያቋርጥ ጫና ሥር ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ አንድን ናሙና ዛሬ ለክቶ፣ በሙቅ ክፍል ለወራት አስቀምጦ፣ መልሶ በመለካት ጥርሱ ከቦታው ምን ያህል እንደተንሸራተተ ማወቅ ይቻላል። ሌላ ናሙና ከሌላ ናሙና ጋር ማወዳደርና አንዱን ናሙና ከራሱ ጋር ማወዳደር እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ለስካን የሚሄዱት መሣሪያዎች ብልቃጣቸው ውኃ የተሞላ እንጂ መድኃኒት ያለበት እንዳልሆነ፣ ለገበያም እንደማይመለሱ በዚሁ ልጥቀስ።

ብዙ አንባቢ ሲቲን የሚያውቀው ከሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው የሕመምተኛ ስካን ጥቅምት 1971 እ.ኤ.አ. በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ከተነሳ ወዲህ ትርጉሙ ለሰው ሁሉ የራስና የሆድ ምርመራ ሆኖ ቆይቷል። በኢንዱስትሪው ማሽን ግን አቀማመጡ የተገለበጠ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሰውየው ተኝቶ የራጅ ቱቦው ይዞርበታል፤ እዚህ ቱቦውና ራጁን የሚቀበለው ዲቴክተር ቆመው ዕቃው በመሽከርከሪያ ጠረጴዛ ላይ ይዞራል። ፕላስቲክ ስለ ጨረር መጠን ስለማይጨነቅ ከ1000 እስከ 2000 የሚደርሱ ምስሎችን በዝግታ ማንሳት ይቻላል፤ በሆስፒታል ምስል ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ የሆነው ዝርዝርም እዚህ ወደ ጥቂት አሥር ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው)፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስካኑን ጉድለት ከመፈለጊያነት ወደ መለኪያነት ያሻገሩት ግን የልኬት ማሽን ሠሪዎች ናቸው፤ የጀርመኑ ቬርት በ2005 ቶሞስኮፕ የተባለውን ማሽኑን አቀረበ፣ የሳይስ ሜትሮቶምም በዚያው ዘመን ተከተለ።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ቤተ ሙከራው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጥያቄ መጠየቁ የመጀመሪያው መልካም ምልክት ነበር። ሥዕሉንና የካድ ፋይሉን (የኮምፒውተር ንድፉን) ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል ቁሳቁስ፣ የሞላውን ሽቦ ውፍረት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ልኬት ለውሳኔ እንደሚያስፈልገን ጠየቁ። «ሁሉንም ለኩልን» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ያለ ጥያቄ የሚቀበል ቤተ ሙከራ ግን ሥራውን አላወቀም ማለት ነው። ዲቴክተሩ በአንድ አቅጣጫ 2000 ያህል ፒክስል አለው፤ የእኛ መሣሪያ ደግሞ ርዝመቱ 160 ሚሊሜትር ነው። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለማንሳት ከተፈለገ የምስሉ ትንሿ ኩብ፣ ቮክሰል የምትባለው፣ 80 ማይክሮን ትሆናለች፤ ክሊፑ ያለበትን 40 ሚሊሜትር ብቻ ካነሱ ወደ 20 ማይክሮን ትወርዳለች። 0.15 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት በመጀመሪያው ምስል ከሁለት ቮክሰል ያነሰ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከሰባት ቮክሰል በላይ ነው። ሶፍትዌሩ ጠርዝን በቮክሰል ክፋይ ደረጃ እንደሚያገኝ እውነት ነው፤ ይህ የሚሠራው ግን ጠርዙ ንጹሕ ሲሆንና በሁለቱ ጎኖች በቂ ቦታ ሲኖር ነው። ስለዚህ እነርሱ እንደመከሩት አንድ ዝቅተኛ ጥራት ያለው የሙሉ መሣሪያ ስካንና አንድ የክሊፑ ቅርብ ስካን አዘዝን።

ናሙናው ሲታሰር ቆሜ አይቻለሁ። ኦፕሬተሩ መሣሪያውን በፎም ውስጥ ተክሎ ትንሽ አጋደለው። ለምን እንዳጋደለው ብጠይቀው፣ ከመሽከርከሪያው ዘንግ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን የሠራ ጠፍጣፋ ገጽ ከዲቴክተሩ መሐል በራቀ ቁጥር እንደሚደበዝዝ አስረዳኝ። ይህም ምስሉን ከሚገነባው ስሌት የሚመጣ ነው፤ በ1984 በፎርድ ሞተር ኩባንያ የሚሠሩት ፌልድካምፕ፣ ዴቪስና ክሬስ ያሳተሙት ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ ማሽኖች ውስጥ ይሠራል፤ ከመሐለኛው ጠለል ውጭ ግን ግምታዊ ነው። ገጹን ማጋደል ችግሩን ያቀለዋል። ከዚያ ሁለት የሩቢ ኳሶች በካርቦን ዘንግ ላይ ተጣብቀው የቆሙበትን መመሳከሪያ በዚያው አቀማመጥ ስካን አደረጉ። የኳሶቹ የመሐል ለመሐል ርቀት አስቀድሞ ስለሚታወቅ የምስሉን ስፋት በእርሱ ያርሙታል፤ ጠረጴዛው ከቱቦው ያለው ርቀት በመጠኑ ቢሳሳትና ስፋቱ በመቶ 0.01 ቢዛባ፣ በ100 ሚሊሜትር ላይ 10 ማይክሮን ያሳስታልና።

የሙቀቱ ነገርም ችላ የሚባል አይደለም። የልኬት ሁሉ መነሻ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የክሊፑ ፕላስቲክ አሴታል ደግሞ በ50 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ለአንድ ዲግሪ ለውጥ ወደ 5 ማይክሮን ይለጠጣል። ናሙናው ከመኪና ወርዶ ወዲያው ማሽን ውስጥ ቢገባ የምንለካው የመንገዱን ሙቀት ነው። እነዚህ ሰዎች ናሙናውን በልኬት ክፍሉ አሳድረው በማግስቱ ነው የጀመሩት።

አሁን ዋናውን ችግር፣ ማለትም ብረትና ፕላስቲክ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚፈጠረውን ላንሳ፤ የተገጣጠመ ዕቃ ልኬት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከቱቦው የሚወጣው ራጅ አንድ ወጥ አይደለም፤ ደካማውም ብርቱውም ተቀላቅሎ ይወጣል። ብረት ደካማውን ቀድሞ ስለሚውጠው በሌላ ወገን የሚደርሰው ብርቱው ብቻ ይሆናል፣ ስሌቱ ግን ይህን አያውቅም። ውጤቱ በሞላው ጥምጥሞች መካከል የሚዘረጋ ጥቁር ጭረት ነው። የመጀመሪያውን ስካን በስክሪን ላይ አጉልተን ስናየው፣ ከሞላው አጠገብ ያለው የእጅጌው ግድግዳ በየሽቦው ትይዩ እየሳሳ፣ በየመሐሉ ደግሞ እየወፈረ ይታያል፤ በክሊፑ ጥርስ ሥር ደግሞ በሻጋታው ላይ ጨርሶ የሌለ ጎድጓዳ ነገር ነበር። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ፕላስቲኩ ወደ ሻጋታው ሲገባ የተፈጠረ ጉድለት ነው ብሎ ሻጋታውን ለማረም ይነሣ ነበር። ቤተ ሙከራውን የማደንቀው ይህን ራሱ ቀድሞ ስለነገረን ነው። የቱቦውን ቮልቴጅ ከፍ አድርገው፣ ደካማውን ራጅ አስቀድሞ የሚያስቀር የመዳብ ሰሌዳ ከፊቱ ጨምረው፣ ጥርሱ ከሞላው ጋር በአንድ መስመር የሚወድቅበት ጊዜ እንዲያንስ ናሙናውን በሌላ ማዕዘን አጋድለው እንደገና አነሱት። ጎድጓዳው ጠፋ፤ ጭረቱ ቀነሰ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ደግሞ ጠርዙ የቱ ጋ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ምስሉ በግራጫ ደረጃዎች የተሠራ ስለሆነ ሶፍትዌሩ በአየርና በቁሳቁሱ ግራጫ መካከል ያለውን አማካይ ወስዶ «ገጹ እዚህ ነው» ይላል። ዕቃው አንድ ቁሳቁስ ብቻ ሲሆን ይህ በቂ ነው። ብረት፣ ብርጭቆና ፕላስቲክ አብረው ሲኖሩ ግን ለብረት የሚስማማው አማካይ ፕላስቲኩን ያሳሳዋል ወይም ከነጭራሹ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ በየቦታው፣ ለየቁሳቁሱ ለብቻው መፈለግ አለበት። ደንበኛ ሪፖርት ሲያነብ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ልዩነት ከዚህ ይወጣል። የሁለት ቀዳዳዎች የመሐል ለመሐል ርቀት የጠርዙ ፍርድ ቢሳሳትም እምብዛም አይዛባም፤ ቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሰፋ ወይም ስለሚጠብ መሐሉ ከቦታው አይነቃነቅምና። የግድግዳ ውፍረት፣ የቀዳዳ ዲያሜትርና በሁለት ክፍሎች መካከል ያለ ክፍተት ግን የጠርዙን ስህተት በሁለቱም ወገን ይሸከማሉ። በእኛ ሪፖርት ውስጥ የጥርሱ ንክሻ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ስለዚህም ከሁሉም ልኬቶች ይልቅ የተጠራጠርነው እርሱን ነው።

ጥርጣሬው በቃል ሳይቀር በቁጥር መውጣት አለበት። የጀርመን መሐንዲሶች ማኅበራት የሚያወጡት የቪዲአይ/ቪዲኢ 2630 መመሪያ ክፍል 2.1፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለውና በሌላ መንገድ የታወቀ ናሙናን ደጋግሞ ስካን በማድረግ የጥርጥር ወሰኑን ማስላት ያስተምራል። ለአንድ ክፍል ይህ ቀላል ነው። ተገጣጥሞ ለተዘጋ ዕቃ ግን እውነተኛውን መልስ ከየት ታመጣዋለህ? መክፈት ሁኔታውን ያጠፋዋል። የተስማማነው መፍትሔ በአንድ መሣሪያ ቀፎ ላይ፣ ጫና በማይሸከምበት ጎን፣ ትንሽ መስኮት ቆርጦ ሞላው እንደተወጠረ የጥርሱን ንክሻ በመስኮቱ በኩል በኦፕቲካል መሣሪያ መለካት፣ ከዚያም ያንኑ መሣሪያ እያነሱ እያስቀመጡ ደጋግሞ በሲቲ ማንሳት ነበር። ሥራው ጊዜ ወሰደ፣ ዋጋውም ከስካኑ በላይ ሆነ፤ ቢሆንም ከከፈልነው ገንዘብ ሁሉ ተገቢ ነበር የምለው ይህን ነው። ትርጉሙን በምሳሌ ላሳይ፦ የሚፈቀደው ክልል ከ0.50 እስከ 0.60 ሚሊሜትር ቢሆንና የጥርጥር ወሰኑ ±0.02 ቢወጣ፣ ልኬትን ከቶሌራንስ ጋር ለማመዛዘን በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይሶ 14253-1፣ ከ2017 በፊት በነበረው ደንብ መሠረት አምራቹ ያለ ሐሳብ «ጥሩ ነው» ሊል የሚችለው ከ0.52 እስከ 0.58 ላለው ብቻ ነው። የቶሌራንሱ አርባ በመቶ በልኬቱ ተበላ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ቶሌራንስ የሚያጠብቁ ንድፍ ሠሪዎች በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ሥዕል ይዘው ይቀመጣሉ።

ቀደም ሲል ሥራ የሰጠነው ሌላ ቤተ ሙከራ፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ በቀይና በአረንጓዴ ያሸበረቀ የካድ ንጽጽር ላከልን፤ ክፍተቱ 0.1527 ሚሊሜትር ተብሎ ተጽፏል። ያ ስካን ቮክሰሉ 80 ማይክሮን የነበረ ነው። የጥርጥር ወሰኑን ስንጠይቅ የመጣልን መልስ ማሽኑ በአምራቹ የተረጋገጠ ነው የሚል ነበር። የማሽኑ የፋብሪካ መግለጫ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተነገረው በአየር ላይ ለቆሙ የሩቢ ኳሶች ርቀት እንጂ በብረት ሞላ ጥላ ውስጥ ላለ የፕላስቲክ ጥርስ አይደለም። ለምሳሌ ቀደም ባለው ሜትሮቶም 1500 መግለጫ ላይ የሚታወቀው 9 + ኤል/50 ማይክሮን የሚለው ቀመር ስለ ኳሶቹ ርቀት የሚናገር ነው፤ ኤል በሚሊሜትር የተሰጠ ርዝመት ነው። ከዚያ ተነስቶ ስለ ራስ ዕቃ ቃል መግባት አይቻልም።

ስለ ዋጋና ጊዜ ብዙ የምለው የለም። አንድ ስካን ከነሪፖርቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ያስከፍላል፤ የልኬት ዕቅዱ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ለቀጣዮቹ ናሙናዎች ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ አምስት ናሙና ከመላክ ሃያ መላክ ያዋጣል። የቅርቡ ስካን ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዷል፤ ኃይል ሲጨመር በቱቦው ውስጥ ጨረሩ የሚፈልቅባት ነጥብ ስለምትሰፋና ምስሉ ስለሚደበዝዝ፣ ቮክሰሉ ትንሽ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው በዝቅተኛ ኃይል ረጅም ጊዜ መጠበቅ አለበት። ማሽኑን ራሳችን እንግዛ የሚል ሐሳብ በድርጅታችን ተነስቶ ነበር፤ ዋጋው በብዙ መቶ ሺህ ዩሮ የሚቆጠር ከመሆኑም በላይ የሙቀት ቁጥጥር ያለው ክፍል፣ የጨረር ጥበቃ ደንብ ማሟላትና ከሁሉም በላይ ጭረትን ከጉድለት የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ይጠይቃል። በየቀኑ የሚያሠራ ብዛት ለሌለው ድርጅት አይመከርም።

አገልግሎቱ የማይሆንለትም አለ። የሃይድሮሊክ ቫልቭ የሚሠራ ጓደኛዬ ከእኛ ሰምቶ ወደዚሁ ቤተ ሙከራ ዕቃ ቢልክ ሳይሞክሩት መለሱለት፤ ትክክልም ነበሩ። ለ225 ኪሎቮልት ማሽን በብረት ውስጥ ተሻግሮ ሊለካ የሚችለው ውፍረት በግምት እስከ 40 ሚሊሜትር፣ በአልሙኒየም እስከ 150፣ በፕላስቲክ እስከ 250 ነው፤ ወደ 450 ኪሎቮልት ቢወጣ እንኳ ብረቱ ከ70 ሚሊሜትር ብዙ አያልፍም፣ ምስሉም ይሻክራል። እንደዚሁም ሳይገጣጠም ለብቻው ላለ ክፍል ጠባብ ቀዳዳ፣ ቶሌራንሱ ጥቂት ማይክሮን ለሆነ፣ መዳሰሻ ያለው ማሽን ርካሽም ትክክለኛም ነው፤ ውስጡ የሚደበቅ ነገር ከሌለ ሲቲ ለምን ያስፈልጋል?

ቅሬታዬ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም የመረጃ አያያዙ ነው። በየአቅጣጫው 2000 ቮክሰል ያለው ምስል በ16 ቢት ሲቀመጥ 16 ጊጋባይት ይሆናል፤ ቤተ ሙከራው ይህን ለጥቂት ወራት ብቻ አስቀምጦ ያጠፋዋል፣ ለደንበኛው የሚሰጠውም ካልተጠየቀ በስተቀር ሪፖርቱንና ቀለል ያለውን የገጽታ ፋይል ነው። ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። እኛ ሙሉውን ምስልና መነሻ የራጅ ምስሎቹን ጭምር በዲስክ እንዲሰጡን ጠይቀን ተጨማሪ ከፍለናል፤ በኋላ የንድፍ ክፍሉ ስለ ብልቃጡ አንገት፣ በመጀመሪያው ትእዛዝ ውስጥ ስላልነበረ ክፍተት፣ ሲጠይቀን ከዚያው የሙሉ መሣሪያ ስካን ላይ ቢያንስ ክፍተቱ መኖሩን አይተን መልስ ሰጥተናል። መጠኑን ለመናገር ግን 80 ማይክሮኑ ስላልበቃ ለዚያ አንገት ብቻ አዲስ ቅርብ ስካን አዝዘናል።